የመንዝ በግ ላት፦ ስብ በሕዋስ ውስጥ እንዴት ይጠራቀማል? እንዴትስ ወጥቶ ይሠራል?

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በራቤልና በአካባቢው ደጋ፣ እንዲሁም በመንዝ ወረዳዎች ሁሉ፣ በግ የቤተ ሰቡ ተቀማጭ ሀብት ነው። ገብሱን ውርጭ ሲመታው፣ የበልጉ ዝናብ ሲቀር፣ ለማዳበሪያም ሆነ ለልጆች ልብስ ገንዘብ ሲያስፈልግ ወደ ገበያ የሚነዳው በግ ነው። ጸጉሩ ባና ይሠራበታል፤ ሥጋው ለዓመት በዓል ይሆናል። በጉም በበኩሉ የራሱ ተቀማጭ አለው፤ ይኸውም ላቱ ነው።

አርቢው ላትን በሚገባ ያውቃል። ገበያ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚዳስሰው እርሱን ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ «በጉ ላት ስላለው በጋውን ራሱን ችሎ ይወጣዋል» የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ አስተሳሰብ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያረገዘችውን እናት በግ ከነግልገሏ የሚያሳጣ ነው። የትኛው ግማሽ እውነት እንደሆነ ለመለየት ስብ በሕዋስ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራቀም፣ ከየትኞቹ የሕዋስ ክፍሎች ጋር እንደሚገናኝና በምን ሁኔታ እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ለልማት ሠራተኛው ማስረዳትና ከዕውቀቱ የሚገኙትን የሥራ ምክሮች ማቅረብ ነው።

1. ላት ለምን ያስፈልጋል?

የመንዝ በግ አጭር ላት ካላቸው የደጋ በጎች አንዱ ነው። ሰውነቱ አነስተኛ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰች እናት በግ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ትመዝናለች። ብርድን፣ ውርጭንና የመኖ እጥረትን በመቋቋም የታወቀ ዝርያ ነው።

በደጋው መኖ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይገኝም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ሣር አለ፤ የገብሱ አጨዳ ሲያልቅም በጎቹ ቃርሚያ ይገቡበታል። በዚህ ጊዜ ላቱ ይሞላል። ከጥር ወዲያ ሣሩ ይደርቃል፤ የቀረው ገለባ ብቻ ይሆናል። የበልግ ዝናብ ከጣለ ጥቂት እፎይታ ይገኛል፤ ካልጣለ ግን ችግሩ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ ላቱ ይሟሽሻል። ስለዚህ ላት በጥጋብ ወራት ገቢ፣ በችግር ወራት ወጪ የሚደረግበት ጎተራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ተመራማሪዎችም ዘንድ ትኩረት ያገኘ ነው። በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ በመንዝና በሆሮ በጎች ላይ ረዘም ያለ ጥናት ተካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ በጎች ስብ የታተመ አንድ ጥናት የስብ ክምችትን በየወቅቱ ከሚለዋወጠው የመኖ ሁኔታ ጋር ለመላመድ የሚያገለግል ጠባይ አድርጎ ተመልክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከስብ ክምችትና ከላት ቅርጽ ጋር የተያያዙ የዘር ቅንጣቶችን በኢትዮጵያ በጎች ላይ የመረመረ ሥራ ታትሟል።

ተቀማጩ በስብ መልክ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ግራም ስብ ሲቃጠል 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኀይል ይሰጣል። አንድ ግራም ስታርች የሚሰጠው ግን 4 ያህል ነው። በተጨማሪም ስብ ውኃ ሳይዝ ስለሚከማች ለተሸካሚው ክብደቱ ያንሳል። ገደል ወጥቶ ገደል ለሚወርድ የመንዝ በግ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

2. የስቡ ጥሬ ዕቃ ከየት ይመጣል?

በግ የበላውን ሣር በቀጥታ ወደ ስብ አይለውጥም። ሣሩ በመጀመሪያ ወደ ትልቁ ጨጓራ ይገባል። በዚያ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ሣሩን ያብላሉትና ሦስት ዋና ዋና አሲዶችን ያወጣሉ። እነርሱም፦

ሀ/ አሴቲክ አሲድ፦ በተለይ ከሣር፣ ከገለባና ከድርቆሽ በብዛት የሚገኝ፤ ለስብ መሥሪያ ዋናው ጥሬ ዕቃ፤

ለ/ ፕሮፒዮኒክ አሲድ፦ እህልና ፍሩሽካ ሲበላ መጠኑ ከፍ የሚል፤ ጉበት ስኳር (ግሉኮስ) የሚሠራበት፤

ሐ/ ቡቲሪክ አሲድ፦ መጠኑ ከሁለቱ የሚያንስ።

ይህን ክፍፍል ልብ ማለት ያሻል፤ ኋላ በእርጉዝ በግ ጉዳይ ላይ እንመለስበታለን። ገለባ በአብዛኛው የስብን ጥሬ ዕቃ ይሰጣል፤ ስኳር ለመሥራት የሚያስፈልገውን ግን እጅግ በጥቂቱ ነው የሚሰጠው።

አሲዶቹ በደም ተጉዘው ወደ ሰውነት ክፍሎች ይደርሳሉ። በሰው ዘንድ ስብን በመሥራት በኩል ጉበት ትልቅ ድርሻ አለው። በበግና በሌሎች አመንዣኪ እንስሳት ግን ስቡ በዋናነት የሚሠራው በራሱ በስብ ሕዋስ ውስጥ ነው። ስለሆነም የላት ስብ ሕዋስ ጎተራ ብቻ ሳይሆን ወፍጮ ቤትም ነው።

3. የስብ ጠብታ እንዴት ይፈጠራል?

ሕዋስ በውስጡ በርካታ ክፍሎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። ይህ በሕዋሱ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጋ ስስ ሽፋን ስለሆነ ከዚህ በኋላ «መረቡ» እንለዋለን። ሁለተኛው ሚቶኮንድሪያ ሲሆን ምግብ ተቃጥሎ ኀይል የሚገኝበት ነው፤ የሕዋሱ ምድጃ ልንለው እንችላለን።

የስብ ጠብታ የሚወለደው በመረቡ ውስጥ ነው። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ስቡ ይገጣጠማል። ሦስት የስብ አሲዶች ግሊሰሮል ከሚባል ነገር ጋር ተያይዘው ትራይግሊሰራይድ ይሆናሉ። የመጨረሻውን መያያዣ የሚያከናውኑት በመረቡ ላይ የሚገኙ ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋሱ የስብ አሲዶችን እንዲሁ ፈትቶ አይተዋቸውም፤ ብቻቸውን ሲበዙ የሕዋሱን ሽፋኖች ይጎዳሉና። አያይዞ ማስቀመጥ ማከማቸት ብቻ ሳይሆን ጉዳትን መከላከልም ነው።

ለ/ ስቡ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ይሰበሰባል። የመረቡ ሽፋን በሁለት ስስ ንብርብሮች የተሠራ ነው። ትራይግሊሰራይድ ውኃን የሚሸሽ ስለሆነ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ይደበቃል። መጠኑ ሲጨምር ዘይት በውኃ ላይ እንደሚሰባሰብ ሁሉ አንድ ላይ ይሆንና እንደ ምስር ፍሬ መሐሉ ያበጠ ቅርጽ ይይዛል።

ሐ/ ጠብታው ያቆጠቁጣል። ስቡ የሚሰበሰብበትን ቦታ የሚወስነው በተለይ ሲፒን የተባለ ፕሮቲን ነው። ሲፒን በብዛት ተገጣጥሞ እንደ ቀለበት ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በተደረገ ምርመራ የሰው ሲፒን ቀለበት ከ11 ተመሳሳይ አካላት የተሠራ መሆኑ ታውቋል። ስቡ በቀለበቱ አካባቢ ተሰብስቦ ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ አቅጣጫ ያብጥና ጠብታ ይሆናል።

መ/ ጠብታው ሽፋን ይለብሳል። አብዛኞቹ የሕዋስ ክፍሎች በሁለት ንብርብር ሽፋን የተከበቡ ናቸው፤ ምክንያቱም በውስጥም በውጭም ውኃ አለ። የስብ ጠብታ ግን በውስጡ ያለው ስብ ስለሆነ አንድ ንብርብር ብቻ ይበቃዋል። ይህን ሽፋን የሠሩት ቅንጣቶች ጭራቸውን ወደ ስቡ፣ ራሳቸውን ወደ ውኃው አዙረው ይደረደራሉ። በላዩ ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ይሰፍራሉ።

ሠ/ ትንንሾቹ ጠብታዎች ወደ ትልቅ ይዞራሉ። በላት ስብ ሕዋስ ውስጥ አንዱ ጠብታ ስቡን ወደ ሌላው እያሻገረ በመጨረሻ አንድ ትልቅ ጠብታ ይቀራል። የሞላ የስብ ሕዋስ የጎኑ ስፋት ወደ አንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ሊደርስ ይችላል፤ አሥሩ ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናሉ ማለት ነው። ጠብታው ከሞላ ጎደል ሕዋሱን በሙሉ ስለሚይዘው ሌሎቹ ክፍሎች ወደ ዳር ይገፋሉ።

ነገሩን ለአርቢው ለማስረዳት የወተት ምሳሌ ጥሩ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ቅባት በጡት ሕዋሳት ውስጥ በዚሁ መንገድ የተሠራና ሽፋን ለብሶ የወጣ ጠብታ ነው። እርጎ ሲናጥ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ቅባቶቹም ተያይዘው ቅቤ ይሆናሉ። ከመናጡ በፊት ቅቤው የማይሰበሰበው ሽፋኑ ጠብታዎቹን ለይቶ ስለያዛቸው ነው። በተልባና በኑግ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘይትም እንዲሁ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ሽፋን ለብሶ ይቀመጣል።

4. ጠብታው ከሌሎች የሕዋስ ክፍሎች ጋር ያለው ግንኙነት

ለረጅም ጊዜ የስብ ጠብታ ሥራ የሌለው የዘይት ክምር ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ፔሪሊፒን የተባለው ፕሮቲን በጠብታው ላይ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ ይህ አመለካከት እየተለወጠ መጥቷል። ዛሬ ጠብታው ራሱን የቻለ የሕዋስ ክፍል እንደሆነና ከሌሎቹ ጋር የሚነካካባቸው ቋሚ ቦታዎች እንዳሉት ይታወቃል።

ከመረቡ ጋር፦ ብዙ ጠብታዎች ከተወለዱ በኋላም ከመረቡ ጋር በቀጭን አንገት እንደተያያዙ ይቆያሉ። በአንገቱ ላይ የሚገኘው ይኸው ሲፒን ነው። በዚህ መንገድ አዲስ ስብና ለሽፋኑ የሚያስፈልጉ ነገሮች ይተላለፋሉ።

ከሚቶኮንድሪያ ጋር፦ ምድጃው ወደ ጠብታው ይጠጋል። ሁለቱን የሚያያይዙ ፕሮቲኖች አሉ። ሕዋሱ በሚያቃጥልበት ጊዜ የስብ አሲዱ በውኃው ውስጥ ረጅም መንገድ ሳይሄድ በአጭር ርቀት ወደ ምድጃው ይገባል። ሕዋሱ በሚያከማችበት ጊዜም ምድጃው ለስብ ሥራ የሚያስፈልገውን ኀይል ይሰጣል። እንግዲህ መጠጋቱ ለማውጣትም ለማስገባትም ያገለግላል።

ከፐሮክሲሶምና ከላይሶሶም ጋር፦ ፐሮክሲሶም እጅግ ረጅም የሆኑትን የስብ አሲዶች ያሳጥራል። ላይሶሶም ደግሞ የጠብታውን ክፍል ውጦ ይፈጫል፤ ይህ ሁለተኛው መንገድ በጉበት ሕዋሳት መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል።

ይህ ግንኙነት ሲጓደል ምን እንደሚደርስ ከሰው ሕክምና ትምህርት ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1954 በብራዚል በራርዲኔሊ፣ በ1959 በኖርዌይ ሴይፕ የተባሉ ሐኪሞች ከውልደት ጀምሮ ስብ በቆዳቸው ሥር የማይገኝባቸው ሕፃናትን ሁኔታ ገለጹ። በ2001 ከምክንያቶቹ አንዱ የሲፒን ጉድለት መሆኑ ታወቀ። በነዚህ ሰዎች ስቡ ጠፍቶ አይቀርም፤ ትክክለኛ ማስቀመጫ ስላጣ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ጉበታቸውም ይታመማል። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ስብ በትክክለኛ ቦታው ሲሆን ሀብት፣ ቦታውን ስቶ ጉበት ውስጥ ሲከማች ግን ሕመም መሆኑን ነው። ይህ ሕግ ለበግም ይሠራል።

5. በችግር ጊዜ ስቡ እንዴት ይወጣል?

የመንዝ አባቶች የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ዘግተው ያቆዩ ነበር። ማንም እንደፈለገ አይገባበትም፤ ጊዜው ሲደርስና ችግሩ ሲጠና በውሳኔ ይከፈታል። የስብ ጠብታም የሚጠበቀው በዚህ አኳኋን ነው። ዘበኛው ፔሪሊፒን ነው።

በጉ በሚጠግብበት ጊዜ በደሙ ውስጥ ኢንሱሊን ከፍ ይላል። ኢንሱሊን «አስገባ፤ አታውጣ» የሚል ትእዛዝ ነው። በዚህ ጊዜ ፔሪሊፒን ጠብታውን ሸፍኖ ስብ ፈጪ ኢንዛይሞች ሥራቸውን እንዳያከናውኑ ይከለክላል።

በጉ ሲራብ ወይም ሲበርደው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ እንደ አድሬናሊን ያሉ የጭንቅ ጊዜ ቅመሞች ይጨምራሉ። ፔሪሊፒን ጠባዩን ይለውጥና መንገዱን ይከፍታል። ሦስት ኢንዛይሞች በየተራ የስብ አሲዶቹን ከግሊሰሮሉ ላይ ያላቅቃሉ። የስብ አሲዶቹ ወደ ደም ገብተው ከደም ፕሮቲን ጋር ተያይዘው ይጓዛሉ። ጡንቻና ልብ ይቀበሏቸዋል፤ ከፊሉ ደግሞ ወደ ጉበት ይሄዳል።

በጉ ጤነኛ ሆኖ ረሃቡ ቀስ በቀስ የመጣ እንደሆነ ሥራው በልክ ይካሄዳል። ሙክት ወይም ያላረገዘች በግ በዚህ ሁኔታ ላቷን እየበላች በጋውን ልትወጣ ትችላለች። ከላይ የጠቀስነው አስተሳሰብ እውነት የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው።

6. ላት ብቻውን የማይበቃው መቼ ነው?

ስብ ኀይል ይሰጣል፤ ስኳር ግን አይሆንም። ከስቡ ወደ ስኳር የሚለወጠው ግሊሰሮሉ ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ነው። በማሕፀን ያለው ጽንስ ደግሞ በዋናነት የሚመገበው ስኳር ነው። የጽንሱ ክብደት ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚጨምረው በእርግዝናው የመጨረሻ ስድስት ሳምንታት ስለሆነ የስኳር ፍላጎቱ የሚበረታው ያን ጊዜ ነው።

በነዚህ ሳምንታት እናቲቱ ያገኘችው ገለባ ብቻ ነው እንበል። ከገለባ የሚገኘው ፕሮፒዮኒክ አሲድ ትንሽ ነው። የደሟ ስኳር ይቀንሳል፤ ኢንሱሊንም ይቀንሳል። የላቷ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። የስብ አሲዶች እንደ ጎርፍ ወደ ጉበት ይወርዳሉ። በጉበት ውስጥ ሁለት ነገሮች ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ የጉበት ሕዋሳት የመጣላቸውን ስብ ማቃጠልም ሆነ መላክ ስለሚሳናቸው ወደ ጠብታ መልሰው ያከማቹታል። የበግ ጉበት ስብን አሽጎ ወደ ደም በመመለስ ረገድ ደካማ ነው። ስለዚህ ጉበቱ ያብጣል፤ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲነካ ይፈረፈራል።

ሁለተኛ፣ ስብ በምድጃው ውስጥ በሚገባ እንዲነድ ከስኳር ወገን የሚመጣ ረዳት ያስፈልገዋል። ጉበቱ ያንን ረዳት ለጽንሱ ስኳር ለመሥራት ይሻማበታል። እሳቱ ጭድ አግኝቶ አየር እንዳጣ ምድጃ ይሆናል፤ ስቡ በከፊል ብቻ ነዶ ኪቶን የሚባሉ አሲዶች ይወጣሉ። እነርሱ በደም ሲበዙ በጓን ይመርዟታል።

ይህ ሕመም የእርግዝና መመረዝ ይባላል። ምልክቶቹ፦

— ከመንጋው ወደ ኋላ መቅረት፣ መኖ መተው፤
— እንደ ዕውር መደናበር፣ ራስን ከግድግዳ ጋር ማስጠጋት፤
— ጥርስ ማፋጨት፣ የአፍና የጡንቻ መንቀጥቀጥ፤
— በትንፋሽ ላይ ጣፋጭ መሰል ሽታ፤
— በመጨረሻ ወድቆ አለመነሣት።

በመንዝ ይህን ሕመም ከአዙሪት ጋር ማምታታት ቀላል ነው። አዙሪት በአንጎል ውስጥ በሚገኝ የኮሶ ትል እጭ የሚመጣ ስለሆነ እርጉዝ ያልሆኑትንም ወጣት በጎች ይይዛል፤ አመጣጡም አዝጋሚ ነው። የታመመችው በግ ለመውለድ ስድስት ሳምንት ያልሞላ ጊዜ የቀራት፣ በተለይም መንታ ያረገዘች ከሆነች በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የእርግዝና መመረዝ ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሕመሙ የሚይዘው ከሲታዎቹን ብቻ አይደለም። በጣም የወፈረች እናት በግ በድንገት መኖ ሲቋረጥባት ከላቷና ከሞራዋ የሚወርደው ስብ ብዙ ስለሆነ ይበልጥ ልትጎዳ ትችላለች። ስለዚህ «ይህች እንኳ ላቷ ሙሉ ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

7. አዲስ የተወለደ ግልገልና ቡናማው ስብ

ግልገል ከእናቱ ማሕፀን ወደ ራቤል ውርጭ ሲወጣ ርጥብ ነው። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ወይም ጥቂት ከዚያ ከፍ ያለ ስለሆነ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። ተፈጥሮ ለዚህ ሰዓት ያዘጋጀችለት ልዩ ስብ አለ፤ በኩላሊቱ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ቡናማ ስብ ነው።

ቡናማው ስብ ከላት ስብ የሚለየው በአቀማመጡ ነው። በላት ሕዋስ አንድ ትልቅ ጠብታ ሲኖር፣ በቡናማው ሕዋስ ብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች አሉ። በጠብታዎቹ ዙሪያ ሚቶኮንድሪያ ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ የስቡ ቀለም ቡናማ የሆነውም በእነርሱ ብዛት ነው። ጠብታው ሲያንስ ምድጃው የሚነካው ገጽ ይሰፋል፤ ስቡም በፍጥነት ይነዳል። ከዚህም በላይ በነዚህ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ልዩ ፕሮቲን የሚገኘው ኀይል በሙሉ ወደ ሙቀት እንዲለወጥ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ ይህ ማገዶ የሚበቃው ለአጭር ጊዜ ነው። ግልገሉ በቶሎ እንገር ካልጠጣ ስቡ ያልቅበትና ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ግልገል ደግሞ መጥባት ያቅተዋል። እናቲቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ተርባ ከቆየች የግልገሉ ቡናማ ስብ ጥቂት፣ እንገሯም ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ ለእናት የሚሰጥ መኖ የግልገሉም ማገዶ መሆኑን አርቢው እንዲገነዘብ ማድረግ ይገባል።

8. ምን ይደረግ?

ሀ/ በእጅ መዳሰስ። ላትን ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል፤ ጸጉሩም ዓይንን ያታልላል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ የጀርባውን አጥንት በጣት መዳሰስ ያሻል። የአጥንቱ ጫፍ እንደ መጋዝ ስለት ከተሰማ በጓ ከስታለች፤ ተደብቆ ካልተገኘ ወፍራለች፤ ለስላሳ ሆኖ በትንሽ ግፊት ከተሰማ በደኅና ሁኔታ ላይ ናት። ዳሰሳው በጥቅምት፣ በጥርና በሚያዝያ ቢደገም የላቱን ገቢና ወጪ ለመከታተል ያስችላል።

ለ/ ቀን መቁጠር። የበግ እርግዝና 150 ቀን ያህል ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አምስት ወር መቁጠር ይበቃል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን የተጠቃች በግ የካቲት 1 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ ልዩ መኖ የሚያስፈልጋትም ከታኅሣሥ 19 ቀን ጀምሮ ነው። ቆጠራው በጳጉሜን የሚያልፍ ሲሆን አምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ስድስት ቀን መቀነስ ነው። ሰኔ 1 ቀን የተጠቃች በግ ጥቅምት 26 ቀን ገደማ ትወልዳለች ማለት ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ አውራ በጎችን በጋራ የሚይዝ ከሆነ የሚለቀቁበትን ጊዜ በመወሰን አብዛኞቹ እናቶች በአንድ ወቅት እንዲወልዱ ማድረግ ይችላል።

ሐ/ ለእርጉዞች ተጨማሪ መኖ መስጠት። በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ለእያንዳንዷ በግ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ተጨማሪ መኖ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ሁለት እጅ ፍሩሽካ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር መደባለቅ ይቻላል። ፍሩሽካ ካልተገኘ ለገበያ የማይበቃ ቀጫጫ ገብስ ተከክቶ ሊተካው ይችላል። የባቄላ ገለባና ትሪ ሉሰርን ለደጋው ተስማሚ ረዳቶች ናቸው። መኖው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረግ። አቅም ካነሰ ለመንጋው ሁሉ ከማዳረስ ለእርጉዞቹ ለይቶ መስጠት ይሻላል።

መ/ መኖን በድንገት አለማቋረጥ። እርጉዝ በጎችን ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ሩቅ መንዳት፣ በዝናብና በብርድ ጊዜ ዘግቶ ማዋል የላቱን በር በአንድ ጊዜ ያስከፍታል። ውጭ መዋል በማይቻልበት ቀን ድርቆሽ በቤት መስጠት ያስፈልጋል። ለዚህም ሣሩ ሳይጃጅ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አጭዶ ማድረቅ ነው።

ሠ/ የታመመችውን መርዳት። ምልክቱ እንደታየ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ። እስከዚያው መዋጥ የምትችል ከሆነ ሞላሰስ ወይም ስኳር በለብታ ውኃ ተበጥብጦ ወደ ሳምባ እንዳይገባ ቀስ ተብሎ ይሰጣት። ወድቃ ከቆየች በኋላ የመዳን ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው።

ረ/ ግልገሉን መንከባከብ። እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ወይም በጭድ ማሸት፣ ነፋስ በማይገባበት ቦታ ማድረግ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓታት እንገር መጥባቱን ማረጋገጥ።

ሰ/ የጉበት ትልን መከላከል። መኖ እያገኘች ላቷ የማይሞላ በግ የጉበት ትል ሊኖርባት ይችላል። በትል የተጎዳ ጉበት የሚወርድበትን ስብ ለማስተናገድ አቅም የለውም። ረግረግ ላይ ማሰማራትን መቀነስና በባለሙያ ምክር በወቅቱ መድኃኒት መስጠት ይገባል።

ሸ/ አውራ በግ መምረጥ። በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው በአርቢው ኅብረተሰብ የሚመራ የመንዝ በግ ማሻሻያ ሥራ እንዳሳየው ዋናው ጉዳት ፈጥነው ያደጉትና ላታቸው ያማረው ወጠጤዎች ዘር ሳይተዉ ለበዓል ገበያ መሸጣቸው ነው። ማኅበራት ምርጦቹን ገዝተው ወይም ተስማምተው ለመራቢያ ማስቀረት ይኖርባቸዋል። በምርጫው ጊዜ የወጠጤውን ዕድገት ብቻ ሳይሆን የእናቱን ታሪክ መጠየቅ ያሻል፤ በክፉው በጋ ሳትከሳ ግልገሏን ያሳደገች እናት ልጅ ቅድሚያ ይገባዋል። ከአዋሲ ጋር የተዳቀሉ ትልልቅ በጎችን የሚይዙ አባላትም ትልቅ ሰውነት ብዙ መኖ እንደሚፈልግ አስቀድመው ይወቁ።

ማጠቃለያ

ላት የሚጠቅመው የስቡ ጠብታ ከሚሠራበት መረብና ከሚነድበት ምድጃ ጋር ያለው ግንኙነት ተጠብቆ፣ በሩም በልክ ሲከፈት ነው። በሩን በልክ የሚያስከፍተው ደግሞ በየቀኑ ወደ በጓ አፍ የሚገባው ጥቂት መኖ ነው። ባዶ ሆድ የሆነችውን እርጉዝ በግ ላቷ አያድናትም፤ ስቡ ጉበቷን ያጥለቀልቀዋል እንጂ። በየማኅበሩ በመጪው ጥቅምት የመጀመሪያው ዳሰሳ እንዲካሄድ፣ የተጠቁት በጎች ቀን በመዝገብ እንዲጻፍና ለእርጉዞቹ የሚሆን ፍሩሽካና ፋጉሎ ዋጋው ሳይንር በጋራ እንዲገዛ እንመክራለን።